የማያም እብጠት

ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ሲያመው ነው። ጥርሱ ሲጠዘጥዘው፣ ሆዱን ሲቆርጠው፣ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠው የማንንም ምክር ሳይጠብቅ ይነሳል። የጡት ካንሰር ግን ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። እብጠቱ ገላ ስትታጠቢ እጅሽ ላይ ይመጣል፤ አያቃጥልም፣ ከሥራ አያግድም፣ እንቅልፍ አይነሳም። "ካመመኝ እሄዳለሁ" ተብሎ ይተዋል። ወራት አልፈው ማመም ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቆዳውን ወይም ብብቱን ይዟል። በየዓመቱ በጥቅምት ሮዝ ሪባን ሲታሰር ሴቶች ሁሉ ቢሰሙት የምመኘው አንድ ነገር ይህ ነው፦ የጡት እብጠት ስላላመመ ደህና ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም የወር አበባ ሲቃረብ ሁለቱንም ጡት የሚያከብድና የሚያሳምም ስሜት በአብዛኛው የሆርሞን ጉዳይ ነው፤ ሴቶችን በብዛት የሚያስደነግጠው ግን እሱ ነው።

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። ካንሰር ከያዛቸው ሦስት ሴቶች የአንዷ ያህል የጡት ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በአገራችን በዓመቱ ከ16,000 በላይ ሴቶች በአዲስ ተይዘዋል፣ 9,000 ያህል ሞተዋል። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዕድሜው ነው። በአሜሪካ የጡት ካንሰር ሲገኝ መካከለኛው ዕድሜ ከ60 ያልፋል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙት ሴቶች ግን በአማካይ በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ናቸው። ለዚህ ዋናው ምክንያት የሕዝባችን ወጣትነት ነው፤ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ቁጥር ራሱ ትንሽ ነው። ለአንባቢዋ ያለው ትርጉም ግን ያው ነው። "ይህ የአሮጊቶች በሽታ ነው" ብላ የምትዘናጋው የ35 ዓመት እናት ተሳስታለች። "በዘራችን የለም" የምትለውም እንዲሁ፤ የጡት ካንሰር ከያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ በቤተሰባቸው ተመሳሳይ ታማሚ የላቸውም። ጡት ማጥባት አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አይዘጋውም፤ ስድስት ልጅ ያጠባችም ትታመማለች።

ማሞግራፊ የሚባለው የጡት ራጅ በብዛት የሚገኘው በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነው። በየተወሰነ ዓመቱ ሴቶችን ሁሉ እየጠራ የሚመረምር አገር አቀፍ የማሞግራፊ ፕሮግራም የለንም። ቢኖርም የወጣት ሴት ጡት ዕጢው የበዛና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ካንሰሩም ነጭ ስለሆነ ውስጡ ይደበቃል። ስለዚህ ለብዙዋ ሴት ያለው መሣሪያ ዓይኗና እጇ ነው። እሱንም በወጉ መጠቀም ይቻላል፣ በዘፈቀደም መነካካት ይቻላል።

በመጀመሪያ ደህናው ጡት ምን እንደሚመስል ማወቅ ይቀድማል። ጡት ውስጡ ወጥ አይደለም። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ የወተት ዕጢ ክፍሎች፣ ወደ ጫፉ የሚሄዱ ቱቦዎች፣ በመካከላቸው ስብና ጅማት አለ። ሲዳሰስ ጎርበጥበጥ ማለቱ ጤና ነው። በጡቱ ግርጌ፣ ጡት መያዣው በሚያርፍበት ላይ፣ ጠጠር ያለ እጥፋት ይገኛል፤ በሁለቱም በኩል ካለ የተፈጥሮ ነው። አንዱ ጡት ከሌላው በመጠኑ መብለጡ፣ ከልጅነት ጀምሮ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ መኖሩም አያስደነግጥም። ዕጢው በብዛት የተከማቸው በላይኛው ውጫዊ ሩብ ላይ፣ ወደ ብብት በኩል ነው፤ ብብት ድረስ የሚዘልቅ ጭራም አለው። ከጡት ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ የሚነሱት ከዚሁ አካባቢ ነው። ጡታቸውን ሲፈትሹ ጫፉን ዞር ዞር አድርገው የሚያቆሙ ሴቶች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው።

ቀኑ ለውጥ ያመጣል። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ጡት ውሃ ይይዛል፣ ያብጣል፣ ጎርባጣው ይበዛል። ትክክለኛው ጊዜ ደም ከጀመረ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ውስጥ ነው፤ ጡቱ የሚለሰልሰው ያኔ ነው። በኢትዮጵያ በጣም የተለመደው የወሊድ መከላከያ መርፌው ስለሆነ የወር አበባ ጨርሶ የማያዩ ብዙ ወጣት ሴቶች አሉ። እነሱም፣ ያረጡትም፣ ማህፀናቸው የወጣላቸውም ከወሩ አንድ ቀን መርጠው ያንኑ ቀን መጠበቅ ነው። ለእናቶቻችን ለማስታወስ የሚቀለው የሚያከብሩት ወርኃዊ በዓል ይመስለኛል፦ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም ወይም 27 መድኃኔዓለም፤ ሙስሊም እናቶች ደግሞ አዲስ ጨረቃ የታየበትን ቀን። የምታጠባ ሴት ልጇ ጠብቶ ጡቱ ባዶ ሲሆን ትፈትሽ። በየቀኑ መነካካት ግን አይጠቅምም። ጣት በየቀኑ የሚዳስሰውን ይለምዳል፤ ቀስ ብሎ የመጣውን ለውጥ አይለይም፣ ጭንቀቱ ብቻ ይተርፋል።

ዓይን ከእጅ ይቀድማል። በሩን ዘግተሽ፣ ከወገብ በላይ ልብስሽን አውልቀሽ፣ ብርሃን ባለበት መስታወት ፊት ቁሚ። መጀመሪያ እጅሽን ወደ ታች ጥለሽ ተመልከች። ቀጥሎ ሁለቱንም እጅ ከራስሽ በላይ አንሺ። በመጨረሻ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ የደረትሽ ጡንቻ እስኪወጠር ጫን በይ። በሦስቱም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘወር እያልሽ እዪ። ሦስት ጊዜ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ካንሰሩ በጡት ውስጥ ያሉትን ጅማቶች ሲይዝ ከላይ ያለውን ቆዳ ወደ ውስጥ ይስባል፤ እጅ ወደ ታች ሲሆን ያልታየ ስርጉዳት እጅ ሲነሳ ወይም ጡንቻ ሲወጠር ይወጣል። የምትፈልጊው ይህንን ነው፦ የሰረጎደ ቆዳ፣ በቅርቡ ወደ ውስጥ የገባ ወይም ወደ አንድ ጎን የዞረ ጫፍ፣ ቀዳዳዎቹ ጎልተው እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሆነ ቆዳ፣ መቅላት፣ በጫፉ ላይ የማይድን የሚላላጥ ቁስል። ይህን የጫፍ ቁስል ብዙዎች ችፌ ነው ብለው በቅባት ወራት ይገፉታል። በአንድ ጡት ጫፍ ላይ ብቻ የወጣና በሁለት ሳምንት ቅባት ያልጠፋ "ችፌ" መመርመር አለበት። ትልቅ መስታወት ከሌለ ትንሹን ከፍና ዝቅ እያደረግሽ እዪ፤ ጡትሽ ትልቅ ከሆነ አንስተሽ ሥሩንም እዪ።

ለመዳሰስ በጀርባ መተኛት ይሻላል። ቆሞ የሚዳሰስ ጡት ወደ ታች ተከማችቶ ይወፍራል፣ ተኝተሽ ግን በደረትሽ ላይ ይሰፋና ይሳሳል። ቀኙን ስትፈትሺ ቀኝ ክንድሽን ከራስሽ በላይ አድርጊ፤ ከቀኝ ትከሻሽ ሥር የታጠፈ ፎጣ ወይም ነጠላ አስገቢ። የምትዳስሽው በግራ እጅሽ ነው፤ በሌባ ጣት፣ በመሃል ጣትና በቀለበት ጣት። የጣትሽን ጫፍ ሳይሆን ከጫፉ ዝቅ ያለውን፣ አሻራ የምንሰጥበትን ለስላሳ ክፍል ተጠቀሚ፤ ስሜት የሚበዛው እሱ ላይ ነው። የ10 ሳንቲም ስፋት ያህል ትንንሽ ክብ እየሠራሽ፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ፦ ለስለስ አድርገሽ ከቆዳው ሥር ያለውን፣ መካከለኛ ጫና ሰጥተሽ የመሃሉን፣ ጠንከር አድርገሽ የጎድን አጥንቱ እስኪሰማሽ። አንዱን ጫና ብቻ የምትጠቀም ሴት አንዱን ንብርብር ብቻ ነው የፈተሸችው።

ከብብት ጀምረሽ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ጎን ለጎን ከታች ወደ ላይ፣ ጣትሽን ከቆዳው ሳታነሺ፣ እስከ ደረት መሃል አጥንት ድረስ ሂጂ። ወሰኑ ከላይ ከአንገት በታች ያለው አጥንት፣ ከታች የጡቱ ግርጌ እጥፋት ነው። በክብ ዙሪያ የሚሄዱም አሉ፤ ወደ ላይና ወደ ታች ሲኬድ ግን የሚዘለል ቦታ ይቀንሳል። ለጀማሪ ለአንድ ጡት አምስት ደቂቃ ያህል ይበቃል። በመጨረሻ ክንድሽን በመጠኑ አውርደሽ ብብትሽን በጥልቀት ዳስሺ፤ ክንድ ሙሉ በሙሉ ሲነሳ የብብት ጡንቻ ስለሚወጠር ንፍፊት ቢኖር አይያዝም። ጡቱ በጣም ትልቅ ከሆነ ለውጫዊው ክፍል በተቃራኒው ጎን ጋደም ማለት ይረዳል።

እዚህ ላይ የሚበላሹ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በጣቶች መካከል ቆንጥጦ መያዝ ነው። ደህና ጡት ሲቆነጠጥ እብጠት ይመስላል፤ ብዙ ሴቶች በከንቱ የሚደነግጡት በዚህ ነው። እጅ ጡቱን ወደ ደረት ይጫን እንጂ አይቆንጥጥ። ሁለተኛው ፈሳሽ ካለ ልይ ብሎ ጫፉን መጭመቅ ነው። ሲጨመቅ ጠብ የሚል ነገር በብዙ ጤነኛ ሴት ላይ ይገኛል፤ መጭመቁ ራሱም ፈሳሹን ያስቀጥለዋል። ቁም ነገሩ ሳይነካ በራሱ የሚወጣው፣ ከአንድ ጡት ብቻ የሆነው፣ ደም ያለበት ወይም እንደ ውሃ የጠራው ነው። ጡት መያዣ ላይ የተገኘ የደም ነጠብጣብ ከማንኛውም ጭመቃ የበለጠ ይናገራል።

እንግዲህ አንድ ነገር ተገኘ እንበል። ከሚገኙት እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። በወጣት ሴት ላይ የሚወጣው፣ ከጣት ሥር ወዲያ ወዲህ የሚሸሸው ድቡልቡል እብጠት ብዙ ጊዜ ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ደህና ዕጢ ነው። ውሃ የቋጠረ ከረጢትም አለ፣ መግል የያዘም አለ፣ በእኛ አገር የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ጡት ውስጥ ገብቶ የሚፈጥረው እብጠትም ያጋጥማል። ካንሰር ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ነው፣ ጠርዙ አይለይም፣ ሲገፉት ብዙ አይንቀሳቀስም። ግን ለስላሳና ተንቀሳቃሽ ሆኖ የተገኘ ካንሰርም አለ፤ ጣት ብቻውን አይፈርድም። እኔ የምመክረው መለኪያ ይህ ነው፦ የወር አበባ የምታይ ወጣት ሴት አጠራጣሪ ጎርባጣ ካገኘች አንድ የወር አበባ እስኪያልፍ ትጠብቅ፣ ካልጠፋ ትሂድ፤ ሁለተኛውን አትጠብቅ። ያረጠች ሴት ምንም አትጠብቅ፣ በዚያው ሳምንት ትሂድ። ጠንካራ እብጠት፣ የቆዳ ለውጥ፣ ደም ወይም የብብት እብጠት ካለ በየትኛውም ዕድሜ የሚጠበቅ ነገር የለም።

ስለ ጡት ፍተሻ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። በቻይና ሻንጋይ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 266,064 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ጡታቸውን መፈተሽ በጥንቃቄ ተማሩ፣ በየጊዜውም ተከለሰላቸው። ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከተማሩት 135፣ ካልተማሩት 131 ሴቶች በጡት ካንሰር ሞተው ነበር። ልዩነት የለም ማለት ነው። የተማሩት ያገኙት ትርፍ ደህና እብጠቶችን ብቻ ነበር። ብዙ አገሮች በየወሩ በሥርዓት መፈተሽን ግዴታ አድርገው መምከር የተዉት ከዚህ በኋላ ነው፤ ጡትሽን እወቂ፣ ለውጥ ካየሽ ፈጥነሽ ሂጂ ወደሚል አዞሩት።

ታዲያ ከላይ ያ ሁሉ ለምን ተጻፈ? የሻንጋይ ሠራተኞች ያልተማሩትም ቢሆኑ እብጠት ሲያገኙ ፈጥነው ወደ ሐኪም የሚሄዱ፣ ሕክምናም ቅርባቸው የሆነ ነበሩ። የእኛ ሴት ብዙ ጊዜ የምትደርሰው እብጠቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈና ብብቷን ከያዘ በኋላ ነው። የሕንዱ የሙምባይ ጥናት ለእኛ ይቀርባል፦ ከ150,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ሲሆን ግማሾቹን የሠለጠኑ ሴት ጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው መረመሯቸው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2021 እ.ኤ.አ.፣ እንደታየው በሽታው ቀድሞ በደረጃው ዝቅ እንዳለ ተገኝቷል፤ ከ50 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ሞት በ30 ከመቶ ገደማ ቀንሷል። ከዚያ በታች ባሉት ላይ ሞት ሲቀንስ አልታየም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። እኔ ከሁለቱ የምወስደው የሰለጠነ የሌላ ሰው እጅ ዋጋ እንዳለው ነው። በጤና ጣቢያ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የማህፀን ጫፍ ካንሰር ቅድመ ምርመራ ይሰጣል፤ ለእሱ የሄደች ሴት "ጡቴንም ፈትሹልኝ" ብትል አልጋው ላይ ለተኛች የሚጨመረው ጥቂት ደቂቃ ነው። ወንድ ሐኪም ከሆነና ካፈረች ሴት ነርስ እንድትገኝላት መጠየቅ መብቷ ነው።

ጊዜው የሚባክነው ቤት ውስጥ ብቻ አይደለም። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ፣ ቡግንጅ ነው ተብሎ ትኩስ ጨርቅ፣ ከዚያ የባህል ሐኪም መድኃኒት። ፀበሉን የሚከለክል የለም፤ ምርመራውን ሳያቋርጡ ጎን ለጎን መጠመቅ ይቻላል፣ ብዙ ካህናትም እንዲሁ ይመክራሉ። የሚገርመው ግን ሐኪም ቤት ከደረሱም በኋላ የሚጠፋው ወር ነው። የምታጠባ እናት ጡቷ ቀልቶ ሲያብጥ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ፀረ ባክቴሪያ ይታዘዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ከ7 እስከ 10 ቀን ካለፈ በኋላ ካልጠፋ ግን ሁለተኛና ሦስተኛ መድኃኒት መቀያየር ሳይሆን አልትራሳውንድና ናሙና ነው የሚያስፈልገው። ትኩሳት ሳይኖር በሳምንታት ውስጥ ቀልቶ የሚያብጥ ጡት፣ ቆዳው የወፈረ፣ ኃይለኛው የካንሰር ዓይነት ሊሆን ይችላል። እርጉዝ ሴትም "ስትወልጂ እናየዋለን" ከተባለች አትቀበል፤ አልትራሳውንድም በመርፌ የሚወሰድ ናሙናም በእርግዝና ይሠራል።

ትክክለኛው ምርመራ ሦስት ነው፦ የሐኪም እጅ፣ ምስል (ከ40 በታች በቅድሚያ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ በላይ ማሞግራፊም)፣ እና ናሙና። ሦስቱ መስማማት አለባቸው። እጅ ካንሰር ይመስላል ሲል የቀጭኗ መርፌ ውጤት "ካንሰር አልታየም" ካለ ጉዳዩ አላለቀም፤ መርፌዋ እብጠቱን ስታው ሊሆን ይችላልና ይደገማል፣ ወይም ወፈር ባለው መርፌ ኮር ባዮፕሲ ይወሰዳል። ማሞግራፊ ደህና ነው ቢልም በእጅ የሚያዝ እብጠት በዚያ ብቻ አይዘጋም። "ብረት ከነካው ይሰራጫል" የሚባለው ስህተት ነው፤ ናሙና ያልተወሰደለት ካንሰር በወቅቱ አለመታከሙ ነው የሚሰራጭበት ምክንያት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ እብጠቱን ቆርጦ አውጥቶ መጣል ነው። ዓይነቱ ሳይታወቅ፣ ዳር ዳሩ ንጹሕ መሆኑ ሳይታይ ይሰፋል፤ ከወራት በኋላ በዚያው ጠባሳ ላይ ተመልሶ ይወጣል። ከጡት የወጣ ማንኛውም ሥጋ ከመጠኑ 10 እጥፍ ያህል ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፈሳሽ) ባለበት ዕቃ ገብቶ ስም ተጽፎበት ወደ ፓቶሎጂ፣ ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ መሄድ አለበት። ከመቀደድሽ በፊት "ናሙናው የት ይላካል? ውጤቱ መቼ ይደርሳል?" ብለሽ ጠይቂ። መልስ ከሌለ ተነሺ። ሪፈር ወረቀቱን፣ የምስሉን ፊልምና የፓቶሎጂ ውጤቱን ዋናውን አስቀምጪ፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆንሽ ደግሞ ከጤና ጣቢያ ጀምረሽ በሪፈር ሂጂ፤ በቀጥታ ከተማ ሆስፒታል የሄደች ሴት ወጪው በራሷ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

"ጡቷ ተቆርጦ ነው የሞተች" የሚለው ወሬ እውነት ከመሰለ ዘግይተው ከመጡት ታይቶ ነው። የእብጠቱ መጠን ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ብብት ሳይደርስ የተገኘች ሴት የመዳን ዕድሏ እጅግ ሰፊ ነው። ጡቱ ሳይወጣ እብጠቱን ብቻ ማውጣትም ይቻላል፤ ግን ከዚያ በኋላ የጨረር ሕክምና ግድ ነው። ለብዙ ዓመታት ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ማዕከላት ቢጨመሩም ወረፋውና ርቀቱ ስላለ ሐኪሞች ሙሉ ጡት ማውጣትን የሚመርጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ምክንያቱን ሐኪምሽን ጠይቂ። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጡ ማደሪያ ሲያጡ እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ማኅበራትን መጠየቅ ይቻላል።

የፓቶሎጂ ላቦራቶሪው የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ፣ ማለትም ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆኑን የሚለየውን፣ የሚሠራ ከሆነ ይሠራ። በአገራችን ከግማሽ በላይ የሚሆነው የጡት ካንሰር ሆርሞን የሚቀበል ነው፤ ለእነዚህ ሴቶች ታሞክሲፊን የሚባለው ክኒን በቀን 20 ሚሊ ግራም ቢያንስ ለ5 ዓመት ይሰጣል። ከኬሞ (ካንሰርን ከሚገድሉት ጠንካራ መድኃኒቶች) አንጻር ርካሽ ነው። ችግሩ ሴቲቱ ደህና ስትሆን፣ ላብና ሙቀት ሲያስቸግራት፣ በሁለተኛው ዓመት ማቆሟ ነው። ያልተለመደ የማህፀን ደም ካየች ወይም እግሯ በአንድ በኩል ካበጠ ለሐኪም ትንገር፤ በራሷ ግን አታቁም። ሕክምና የጨረሰች ሴት ፍተሻዋንም አትተውም፦ በየወሩ የጠባሳውን መስመር፣ ብብቱን፣ ከአንገት በታች ያለውን ጎድጓዳና ሁለተኛውን ጡት ትዳስሳለች፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ ሐኪሟ ዘንድ ትቀርባለች፤ ማሽኑ ባለበት ደግሞ የቀረውን ጡት በዓመት አንዴ በማሞግራፊ ታሳያለች።